የዘፋኝን ሥራ ወደ ሌላ ስልት ማዞር፦ ቅኝቱና ቃሉ ሳይጠፉ

ግጥሙንም ዜማውንም ራሱ ሠርቶ በክራር ወይም በጊታር ብቻ የዘፈነን ሰው ሥራ ወደ ሬጌ፣ ወደ ሮክ ወይም ወደ ጃዝ ለመውሰድ የሚሞክሩ ባንዶች አብዛኛውን ጊዜ የሚወድቁት በቅደም ተከተሉ ነው። መጀመሪያ ምት ይመርጣሉ፣ ቀጥለው ኮርድ (አብረው የሚመቱ ኖታዎች) ይደረድራሉ፣ ድምፁን መጨረሻ ላይ ይጭኑበታል። አምባሰሉ ሳይታወቅ ትዝታ ይሆናል (ሁለቱም ቅኝቶች፣ ማለትም ዜማ የሚሠራባቸው የአምስት ኖታ ስብስቦች ናቸው)፣ «ገና» የሚለው ቃል በዓሉ ይሁን «ጊዜው አልደረሰም» ማለቱ አይለይም፣ ዘፋኙም መስመሩ መሐል ላይ ትንፋሽ ያጥረዋል። እዚህ የተጻፈው ተቃራኒው መንገድ ነው፦ ቃልና ዜማ መጀመሪያ፣ ቅኝት ቀጥሎ፣ ምት ከዚያ፣ ኮርድ መጨረሻ።

ኖታዎቹ በዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ፋ፣ ሶል፣ ላ፣ ሲ ተጽፈዋል። «ሲ» ሰባተኛዋ ኖታ ናት፤ ጊታረኞች «ሲ ኮርድ» የሚሉት እዚህ ዶ ነው። «ፍላት» የተባለች ኖታ በግማሽ ድምፅ ዝቅ ያለች ናት። ምሳሌዎቹ ሁሉ ከዶ ይነሳሉ፤ እርስዎ ወደሚዘፍኑበት መነሻ ያዛውሯቸው።

ከመጀመርዎ በፊት ያዘጋጁ

ዋናውን ቅጂ (ከተቻለ የስቱዲዮውንና አንድ የመድረክ ቅጂ)፣ በእጅ የተጻፈ ሙሉ ግጥም፣ ሜትሮኖም (ምት ቆጣሪ)፣ የመሣሪያ መቃኛ፣ አንድ ክራር ወይም ጊታር፣ ድምፅ መቅጃ። ግጥሙን ከኢንተርኔት አይገልብጡ። እየሰሙ ራስዎ ይጻፉት፤ የሚጠብቀውንና የሚላላውን ፊደል የሚሰሙት ያን ጊዜ ብቻ ነው።

ደረጃ 1፦ ፈቃዱን አስቀድመው ይጨርሱ

1. የግጥሙ፣ የዜማው፣ የቅንብሩና የቀረጻው ባለቤቶች እነማን እንደሆኑ ለይተው ይጻፉ። ራሱ ደርሶ ራሱ የዘፈነ ሰው ከሆነ ግጥምና ዜማው ከአንድ ሰው ይገኛል። ቅንብሩ ግን የሌላ ሰው ሊሆን ይችላል፤ የዋናውን መግቢያ ወይም የብራስ (የትራምፔትና የሳክስፎን) መልስ እንዳለ የሚወስዱ ከሆነ አቀናባሪውንም ይጠይቁ።

2. በኢትዮጵያ ጉዳዩ የሚዳኘው በቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 እና ባሻሻለው አዋጅ ቁጥር 872/2007 ነው። የደራሲው መብት በሕይወት ዘመኑና ካረፈ በኋላ ለ50 ዓመት ይጠበቃል። ስለዚህ ዘፋኙ አርፏል ማለት ዘፈኑ የማንም ነው ማለት አይደለም፤ ወራሾቹን ይፈልጉ።

3. ስምምነቱን በጽሑፍ ያድርጉ። የዘፈኑ ስም፣ ስንት ቅጂ በስንት ስልት እንደሚሠራ፣ ለድምፅ ብቻ ይሁን ለቪዲዮም፣ የት እንደሚሠራጭ፣ ገቢው እንዴት እንደሚከፈል ይግባበት። «ለመድረክ ይሁንልህ» የተባለ ቃል ለዩቲዩብ አይሠራም።

4. አሜሪካ የሚኖሩ ከሆነ፣ ዘፈኑ በባለመብቱ ፈቃድ እዚያ አገር በድምፅ ቅጂ ተሠራጭቶ ከሆነ የድምፅ ብቻ ከቨር (የሌላን ሰው ዘፈን እንደገና መዝፈን) በሕጉ አስገዳጅ ፈቃድ፣ ማለትም ባለቤቱ ሊከለክለው በማይችል ፈቃድ፣ ሊሠራ ይችላል። ሦስት ነገር ግን ከዚህ ውጭ ነው፦ ቪዲዮ፣ ግጥሙን መተርጎም፣ የዜማውን መሠረታዊ ባሕርይ መለወጥ። ለእነዚህ ባለቤቱን መጠየቅ ግድ ነው። የውጭ ዘፈን ወደ አማርኛ መልሰው የሚዘፍኑ ወገኖች በብዛት የሚሰናከሉት እዚህ ላይ ነው።

ደረጃ 2፦ ዘፈኑን እስከ አጥንቱ ይግፈፉ

1. ዋናውን ቅጂ አሥር ጊዜ ይስሙ፤ በእያንዳንዱ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ይከታተሉ። አንዴ ቤዙን፣ አንዴ የትንፋሹን ቦታ፣ አንዴ የመስመር መጨረሻዎቹን።

2. ያለ ምንም መሣሪያ ይዝፈኑትና ይቅረጹት። ይህ ቅጂ «አጥንቱ» ነው፤ እስከ መጨረሻው አይጥፉት። ቅንብሩ ሲወሳሰብብዎ የሚመለሱት ወደዚህ ነው።

3. በአጥንቱ ላይ ሦስት ነገር ምልክት ያድርጉ፦ ሰው ዘፈኑን የሚያውቅበት የዜማ ቁራጭ (ከአዝማቹ ከአራት እስከ ስድስት ኖታ ይበቃል)፣ ዜማው የሚያርፍበት ኖታ፣ ጌጥ ብቻ የሆነ ቅላጼ። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ አይነኩም፤ ሦስተኛው በአዲሱ ስልት ሊቀየር ይችላል።

ደረጃ 3፦ ቅኝቱን ይለዩ

አዝማቹ የሚዘጋበትን ኖታ ይያዙና ዶ ብለው ይሰይሙት። ከዚያ ዜማው የሚጠቀምባቸውን ሌሎቹን አራት ኖታዎች በክራር ፈልገው ይጻፉ።

- ትዝታ ሜጀር፦ ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ
- ትዝታ ማይነር፦ ዶ፣ ሬ፣ ሚ ፍላት፣ ሶል፣ ላ ፍላት
- ባቲ ሜጀር፦ ዶ፣ ሚ፣ ፋ፣ ሶል፣ ሲ
- ባቲ ማይነር፦ ዶ፣ ሚ ፍላት፣ ፋ፣ ሶል፣ ሲ ፍላት
- አምባሰል፦ ዶ፣ ሬ ፍላት፣ ፋ፣ ሶል፣ ላ ፍላት
- አንቺ ሆዬ፦ ዶ፣ ሬ ፍላት፣ ፋ፣ ሶል ፍላት፣ ላ

ማስጠንቀቂያ። አንዳንዶቹ ቅኝቶች አምስቱንም ኖታ ይጋራሉ፤ የሚለያቸው ማረፊያው ብቻ ነው። ከዶ የተነሳ አምባሰልና ከፋ የተነሳ ትዝታ ማይነር ኖታቸው አንድ ነው። ከዶ የተነሳ ትዝታ ሜጀርና ከላ የተነሳ ባቲ ማይነርም እንዲሁ። ስለዚህ አምባሰል እየተዘፈነ ቤዙ ፋ ላይ ቢቀመጥና ፋ ማይነር ኮርድ ቢደጋገም አድማጩ የሚሰማው ትዝታ ነው። ዘፋኙ አንድ ኖታ አልሳተም፤ ቅኝቱን የለወጡበት አጃቢዎቹ ናቸው። «የኛ ከቨር ለምን ዋናውን አይመስልም?» ለሚሉ ባንዶች መልሱ አብዛኛውን ጊዜ ይኸው ነው።

ደረጃ 4፦ ቃሉን ይጠብቁ

ይህን ደረጃ የሚዘልሉት ብዙዎች ናቸው፤ ከሁሉ የሚያስቆጨውም እሱ ነው።

1. በጻፉት ግጥም ላይ የሚጠብቁትን ፊደላት ሁሉ አስምሩባቸው። «አለ» ሲላላ ተናገረ ነው፣ ሲጠብቅ መኖር ነው። «ዋና» ሲላላ ውኃ ውስጥ ነው፣ ሲጠብቅ ተቀዳሚ ነው። የሚጠብቅ ፊደል ጊዜ ይፈልጋል። ምቱ ሲፈጥን መጀመሪያ የሚጠፋው ይህ ጊዜ ነው፤ ስለዚህ ከተሰመረበት ፊደል በፊት ያለውን ኖታ ትንሽ አሳጥረው ለጥብቀቱ ቦታ ይተዉለት።

2. የመስመሩን ቀለም (በአንድ ድምፅ የሚነገረውን የቃል ክፍል) ይቁጠሩ። የወል ቤት ከሆነ መስመሩ 6 እና 6 ሆኖ ይከፈላል፤ ሰንጎ መገን ከሆነ 5 እና 5፤ ቡሄ በሉ ከሆነ 4 እና 4። ትንፋሽ የሚወሰደው በመስመሩ መጨረሻ ወይም በመሐሉ መክፈያ ላይ ነው። በሌላ ቦታ ትንፋሽ የሚያስወስድ ምት ከመረጡ የሚቀየረው ምቱ ነው።

3. ኅብረ ቃሉን (ሰምና ወርቅ ሁለት ትርጉም የያዘውን ቃል) ይክበቡት። «ያበላሻል» የሚለው ቃል ያጠፋልም ነው፣ ምግብ ይሰጥሻልም ነው። በመሐሉ እረፍት ከገባበት፣ ወይም ድራሙ በላዩ ላይ ከተንከባለለበት ሰሙም ወርቁም አይደርሱም። በተከበበው ቃል ላይ ምንም መሣሪያ ጌጥ አይጫወትም፤ ይህን ለባንዱ ሁሉ በወረቀት ላይ ይስጡ።

ደረጃ 5፦ መነሻውን ይወስኑ

የሚሞክሩት በመጀመሪያው ስንኝ ሳይሆን በአዝማቹ ከፍተኛ ቦታ ነው። እሱን ሦስት ጊዜ ደጋግመው ሳይጨነቁ ከዘፈኑ መነሻው ልክ ነው፤ ካልሆነ በግማሽ ድምፅ በግማሽ ድምፅ ዝቅ ያድርጉ።

ዋሽንት ካለ ግን ቅድሚያ የእሱ ነው። ዋሽንት ከተበሳ በኋላ መነሻው አይቀየርም፤ ሌላ መነሻ ማለት ሌላ ዋሽንት ነው። ክራር ይቃኛል፤ ሆኖም ከለመደው ከሁለት ግማሽ ድምፅ በላይ ማጥበቅ ክሩን ሊበጥስ ይችላል። ክራሩን ከኪቦርዱ ጋር በመቃኛ ያስማሙ፣ በየዘፈኑ መሐልም ደግመው ይዩት።

ብራስ የሚጻፍ ከሆነ፦ ዘፈኑ ከዶ ሲነሳ ቴነር ሳክስፎንና ትራምፔት ከሬ፣ አልቶ ሳክስፎን ከላ ያነባሉ። ይህን ሳያስተካክሉ አንድ ወረቀት ለሁሉም ማደል የመጀመሪያውን ልምምድ ሙሉ ያባክናል።

ደረጃ 6፦ ምቱን ይቀይሩ

ብዙው የችክችካ ዘፈን በ6/8 ነው፤ በእያንዳንዱ ባር ሁለት ትልልቅ ምት፣ በእያንዳንዱ ምት ሦስት ክፍል። ሬጌውና ሮኩ ደግሞ 4/4 ናቸው። ሁለት መሻገሪያ አለ።

*መሻገሪያ ሀ፦ ሦስቱን ክፍል ማቆየት።* ሁለት የ6/8 ባር አንድ የ4/4 ባር ይሆናል። ሀይ-ሀቱ (ጥንዱ የድራም ጸናጽል) ሦስቱን ክፍል እንደያዘ ይቀጥላል፣ የሚለወጠው ኪኩና (በእግር የሚመታው ትልቁ ከበሮ) ስኔሩ (በበትር የሚመታው ትንሹ ከበሮ) የሚወድቁበት ቦታ ብቻ ነው። ዘፋኙ ምንም አይቀይርም። ሁልጊዜ በዚህ ይጀምሩ።

*መሻገሪያ ለ፦ ቀጥ ማድረግ።* በችክችካ ረጅምና አጭር ቀለም 2 ለ 1 ይካፈላሉ። ቀጥ ባለ ምት እኩል ሲካፈሉ ዜማው ሰልፍ ይመስላል። መላው ይህ ነው፦ የሚጠብቀውን ቀለም ሁልጊዜ ምቱ ላይ ያሳርፉት፣ የሚላላውን ከምቱ በኋላ ይልቀቁት። መስመር በመስመር በእጅዎ እያጨበጨቡ ያንብቡት፤ ንባቡ ከተፈጥሯዊ ንግግር ከራቀ መስመሩን በግማሽ ምት አዘግይተው እንደገና ይሞክሩ።

ፍጥነቱን ያስሉ። 12 ቀለም ያለው መስመር በ8 ምት ቢያልቅና ፍጥነቱ በደቂቃ 100 ምት ቢሆን መስመሩ 4.8 ሰከንድ ይፈጃል። ወደ ሬጌ ወስደው 75 ሲያደርጉት 6.4 ሰከንድ ይሆናል። ቀድሞ በአንድ ትንፋሽ ሁለት መስመር ይዘፍን የነበረ ሰው አሁን አንዱን ብቻ ነው የሚችለው። ትንፋሹ የት እንደሚወሰድ ከልምምድ በፊት ምልክት ያድርጉ። የተረፈውንም ጊዜ በቅላጼ አይሙሉት፤ ለቤዙ ይተዉለት።

ደረጃ 7፦ አጃቢውን ይሥሩ

*ወደ ሬጌ።* ሜትሮኖሙን 72–80 ላይ ያድርጉ። 1-ና-2-ና-3-ና-4-ና ብለው ይቁጠሩ። ጊታሩ «ና» ላይ ብቻ አጭር አድርጎ ይመታል፤ ኪኩና የስኔሩ ጠርዝ አብረው 2 እና 4 ላይ ይወድቃሉ፤ 1 ባዶ ነው። ፕሮግራሙ 150 ቢያሳይ አይደንግጡ፣ ያው ዘፈን በእጥፍ ተቆጥሮ ነው፤ በዚያ አቆጣጠር ጊታሩ 2 እና 4፣ ኪኩ 3 ላይ ይሆናል። ድራመሩና ጊታረኛው በተለያየ አቆጣጠር እየተነጋገሩ ሰዓት የሚያባክኑበት ጊዜ ብዙ ነው፤ መጀመሪያ በአንዱ ይስማሙ።

ባቲ ማይነር በሬጌ በቀላሉ ይሄዳል። አምባሰል ግን ጥንቃቄ ይፈልጋል፤ በአምስቱ ኖታ ውስጥ ሚም ሚ ፍላትም ስለሌለ የዶ ሜጀርም የዶ ማይነርም ኮርድ አይሠራም። በዶ ምትክ ዶ፣ ፋ እና ሶልን አንድ ላይ ይምቱ። ሬ ፍላት ሜጀርና ፋ ማይነር ከቅኝቱ ሳይወጡ ይገኛሉ፤ ግን ክፍል አይጀምሩባቸው፣ ክፍልም አይዝጉባቸው። ቤዙ ቢያንስ በየሁለት ባሩ ወደ ዶ ይመለስ።

ወደ ደብ (መሣሪያና ድምፅ እየተነሣ በማሚቶ የሚሠራ የሬጌ ዓይነት) መሄድ ከፈለጉ ሥራው መጨመር ሳይሆን መቀነስ ነው። የእጅጋየሁ ሽባባው (ጂጂ) እ.ኤ.አ. የ2001 አልበም በፕሮዲውሰሩ በቢል ላስዌል እጅ እ.ኤ.አ. በ2003 «ኢሉሚኔትድ ኦዲዮ» ተብሎ እንደገና ሲሠራ የሆነው ይህ ነው። ያ ሪሚክስ እንጂ ከቨር አይደለም፤ ሆኖም ድምፅን መቼ አስገብቶ መቼ ማውጣት እንደሚቻል ለመማር ሁለቱን አልበሞች ጎን ለጎን ከመስማት የተሻለ ትምህርት ቤት አይገኝም። በ75 ፍጥነት የአንድ ምት ማሚቶ 800 ሚሊሰከንድ ነው፣ የሦስት ሩቡ 600። ማሚቶውን የመስመሩ የመጨረሻ ቃል ላይ ብቻ ይልቀቁ፤ መሐል ላይ ከለቀቁት የሚቀጥለውን ቃል ይሸፍነዋል።

*ወደ ሮክ።* ጊታሩ ሲሻክር ሦስተኛዋ ኖታ ድምፁን ታደፈርሳለች። መነሻውንና አምስተኛውን ብቻ የያዘ ፓወር ኮርድ ይጠቀሙ። ለቅኝቶቻችን ይህ ትልቅ በረከት ነው፤ የሚከተሉት ሁሉ ከቅኝቱ አይወጡም፦

- ትዝታ ሜጀር፦ ዶ፣ ሬ፣ ሶል፣ ላ
- ትዝታ ማይነር፦ ዶ፣ ሶል፣ ላ ፍላት
- ባቲ ሜጀር፦ ዶ፣ ሚ፣ ፋ
- ባቲ ማይነር፦ ዶ፣ ሚ ፍላት፣ ፋ፣ ሲ ፍላት
- አምባሰል፦ ዶ፣ ሬ ፍላት፣ ፋ

አንቺ ሆዬ ብቻ ይለያል። ሶል ስለሌለው መነሻው ዶ አምስተኛ የለውም፤ ዶ ላይ ፓወር ኮርድ የመታ ጊታረኛ ቅኝቱን ወዲያው ያፈርሰዋል። አንቺ ሆዬን በሮክ ሲሠሩ ጊታሩና ቤዙ ያለ ኮርድ አንድ መስመር በአንድነት ይጫወቱ።

ኮርድ ማብዛት ሮክ አያደርግም። ቦብ ዲላን እ.ኤ.አ. በ1967 ያወጣውን «ኦል አሎንግ ዘ ዎችታወር» ጂሚ ሄንድሪክስ እ.ኤ.አ. በ1968 ሲጫወተው ሦስቱ ኮርዶች እነዚያው ናቸው። ለውጡ ያለው በድራሙ ክብደት፣ በጊታሩ ድምፅና በስንኞቹ መካከል በገባው የጊታር ንግግር ነው። ሁለቱን አከታትለው ይስሙና ምን እንዳልተነካ ይጻፉ።

*ወደ ጃዝ።* የፒያኖ ተጫዋቹ የለመደውን፣ ከሰባት ኖታ ስኬል የሚወጣውን ኮርድ ይዞ ከመጣ ቅኝቱ በሁለት ባር ውስጥ ያልቃል። ከአምስቱ ኖታዎች አንዱን እየዘለለ ሦስት ሦስት ይደርድር። ለትዝታ ሜጀር፦ ዶ-ሚ-ላ፣ ሬ-ሶል-ዶ፣ ሚ-ላ-ሬ፣ ሶል-ዶ-ሚ፣ ላ-ሬ-ሶል። ለአምባሰል፦ ዶ-ፋ-ላ ፍላት፣ ሬ ፍላት-ሶል-ዶ፣ ፋ-ላ ፍላት-ሬ ፍላት፣ ሶል-ዶ-ፋ፣ ላ ፍላት-ሬ ፍላት-ሶል። እነዚህ እንደ ኮርድ ቆመው ይሰማሉ፣ ዜማውንም አይጋፉም።

ለሶሎ ግልጽ ደንብ ያውጡ፦ የመጀመሪያው ዙር በአምስቱ ኖታ ብቻ። ከሁለተኛው ዙር ጀምሮ ውጫዊ ኖታ ማለፊያ ሆኖ ይፈቀዳል፣ አይቆይበትም።

ደረጃ 8፦ ይቅረጹ

1. ክሊክና (የሜትሮኖሙ ድምፅ) የመሪ ድምፅ መጀመሪያ። ዘፋኙ በክራር ወይም በጊታር ብቻ ታጅቦ ሙሉውን ይዝፈን፤ ድራሙና ቤዙ ይህን እየሰሙ ይግቡ።

2. 24 ቢት፣ 48 ኪሎኸርዝ። ማይኩ ከአፍ 15–20 ሳንቲሜትር፣ ፊቱ ላይ የትንፋሽ መከላከያ። ጩኸቱ ከፍ ሲል ሜትሩ ከ-12 እስከ -6 ዲሲቤል መካከል ይድረስ።

3. የመጨረሻውን ድምፅ ከሁሉ በኋላ እንደገና ይቅረጹ። ጠ፣ ጨ፣ ቀ፣ ጰ እና ጸ ድንገት ይፈነዳሉ። ኮምፕረሰሩን (ከፍ ያለውን ድምፅ የሚያወርደውን መሣሪያ) በእነሱ ልክ ካጠበቁት ሌላው ድምፅ ሁሉ ይደቀቃል። የፈነዳውን ፊደል ብቻ መርጠው በእጅ ከ2 እስከ 4 ዲሲቤል ይቀንሱ።

4. ኦቶ-ቱን (የዘፋኙን ኖታ የሚያስተካክል ፕሮግራም) የሚጠቀሙ ከሆነ የቅኝቱን አምስት ኖታዎች ብቻ ክፍት ያድርጉ፣ የማስተካከያ ፍጥነቱንም ያዘግዩ። ሜጀር ስኬል ላይ ከተዉት ቅላጼውን ወደሌለ ኖታ ይጎትተዋል።

ሲበላሽ

*«ዘፈኑ አይታወቅም።»* በደረጃ 2 የመረጡት የዜማ ቁራጭ ተነክቷል። መግቢያው ላይ በአንድ መሣሪያ እንዳለ ያጫውቱት፣ አዝማቹም ውስጥ እንዳልተለወጠ ያረጋግጡ።

*«ቅኝቱ የተቀየረ ይመስላል፣ ዘፋኙ ግን ትክክል ነው።»* ኮርዱን ሁሉ ዝም ያሰኙና ቤዙን ብቻ ያቆዩ። አሁንም ከተቀየረ ጥፋቱ የቤዙ ማረፊያ ነው። ከተስተካከለ ኮርዱን አንድ በአንድ እየመለሱ ውጫዊዋን ኖታ ይፈልጉ። በትዝታ ሜጀር ሁልጊዜ የሚገኙት ጥፋተኞች ሁለት ናቸው፦ በፋ ኮርድ ውስጥ ያለችው ፋ እና በሶል ኮርድ ውስጥ ያለችው ሲ። ሶስተኛዋን ከሶል ኮርድ ቢያወጡ ይበቃል፤ የፋ ኮርድ ግን ሙሉ በሙሉ ይውጣ።

*«ሬጌው ይጎተታል።»* ፍጥነቱን ከመጨመርዎ በፊት የጊታሩን ምት ያሳጥሩ። ኮርዱ ረዝሞ ሲቆይ ሙዚቃው የዘገየ ይመስላል።

*«ድራመሩ በችክችካና በ4/4 መካከል ይዋልላል።»* ሀይ-ሀቱን ያቁሙና ኪክና ስኔር ብቻ ለ16 ባር ይጫወት። ከዚያ ሀይ-ሀቱን ይመልሱ።

*«ቃሉ አይሰማም።»* ድምፁን ከፍ አያድርጉ። ኪቦርዱን ወይም ብራሱን በድምፁ ሥር ካለው ቦታ ያውጡት፤ መልሳቸውን በስንኞች መካከል ብቻ ይስጡ። ከዚያ ዘፈኑን ለማያውቅ ሰው አንዴ ብቻ አሰምተው የሰማውን ግጥም ያጽፉት። የተሳሳተባቸውን ቃላት ከደረጃ 4 ወረቀትዎ ጋር ያመሳክሩ፤ ያሰመሩባቸው ፊደላት ከሆኑ እነዚያን መስመሮች ብቻ ድጋሚ ይቅረጹ።

*«ቪዲዮው ላይ የመብት ጥያቄ መጣ።»* ራስዎ የዘፈኑትም ቢሆን በዜማው ሊለይ ይችላል። የተፈረመውን ፈቃድ በፋይል ይዘው ይመልሱ። በመግለጫውም ላይ የገጣሚውን፣ የዜማ ደራሲውንና የአዲሱን አቀናባሪ ስም ለየብቻ ይጻፉ፤ «ሙዚቃ፦ እገሌ» ብሎ ሁሉን በአንድ መጠቅለል ጥያቄውን ያባብሰዋል።